ስለ ፎቶግራፍ ማረሚያ፤ ውድ ስለ ሆነውና በነጻ ስለ ተሰጠው

ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የገዢ ሕሊና የሚከፍለው ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ከገበያ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው ከቤት ገብቶ ሥራ ከተሠራበት በኋላ ይገለጣል። ይህን ለማስረዳት ዛሬ የመረጥሁት ምሳሌ ፎቶግራፍ በኮምፒውተር የሚታረምበት መሣሪያ ነው። «ይህ ለካህን ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ደብሩ ለክብረ በዓል የሚያሳትመውን መጽሔት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የግድግዳ ማስታወቂያ፣ ይልቁንም በየዕቃ ቤቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት ሳይጠፉ በፎቶግራፍ እንዲቀመጡ የሚደረገውን ድካም ያስብ። ከነዚህ አንዱም ስንኳ ያለ ማረሚያ በሚገባ አይፈጸምም።

እኔም ወደዚህ ነገር የገባሁት ስለ ብራና ነው። ያረጀ መጽሐፍ በእጅ ስልክ ወይም በካሜራ ሲነሣ ቅጠሉ ተሸብሽቦ ይታያል፤ መስመሩ ያዘነብላል፤ በመስኮት በኩል ያለው ወገን ሲበራ የማዶው ይጨልማል። ጥቁሩ ቀለም ደብዝዞ፣ ቀዩም ከብራናው ወይባነት ጋራ ተቀላቅሎ፣ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቃል ሳይነበብ ይቀራል። እንግዲህ ፎቶግራፉን ማቅናት፣ ጠርዙን መከርከም፣ ብርሃኑንና ጥላውን ማመዛዘን፣ ቀለሙንም ለዓይን ማጉላት ያስፈልጋል። በምን ይሠራል ብዬ ብጠይቅ ሁሉም በአንድ ቃል «በፎቶሾፕ» ብለው መለሱልኝ።

ፎቶሾፕ በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው። በአሜሪካ ቶማስ ኖልና ወንድሙ ጆን ኖል የጀመሩት ሲሆን፣ አዶቤ የተባለው ኩባንያ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ለገበያ አወጣው። ቀድሞ አንድ ጊዜ ዋጋውን የከፈለ ሰው መሣሪያውን ይዞ ይኖር ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን ኩባንያው አዲሱን እትም እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ ይሰጣል። ኪራዩም ለብቻው ሲወሰድ በወር ከ20 የአሜሪካ ዶላር በላይ፣ በዓመትም ከ240 ዶላር በላይ ነው። በአገራችን ደግሞ ብር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተለቀቀ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ገንዘብ ለአንድ የገጠር ደብር ብዙ ጧፍና ዕጣን የሚገዛ ነው። ኪራዩ በቆመ ጊዜም መሣሪያው ይዘጋል።

የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ችግሬን ሰምቶ በቅንነት መፍትሔ አመጣልኝ። «የኔታ፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ አለኝ፤ በትንሽ ብር እጭንልዎታለሁ። አገሩ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ፈረንጁስ እዚህ ድረስ መጥቶ መቼ ይጠይቅዎታል?» አለኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ ፈረንጁ ባይጠይቀኝ መጽሐፉ ይጠይቀኛል» አልሁት። ስለ ምን ቢሉ፣ በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍታችን ላይ መጽሐፉን የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን በሐዋርያት ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ቅጠል በተሰረቀ መሣሪያ ማጥራት፣ ግዝቱን አጉልቶ እያነበቡ ግዝቱን መተላለፍ ነው።

በዚህ ነገር ከወዳጆቼ ጋራ ተከራክረንበታል። «ላም ቢሰረቅ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ ቅጂ ቢወሰድ ግን ባለቤቱ ከእጁ የሚጎድልበት የለም፤ እኛም ባንወስደው ኖሮ ልንገዛው አንችልም ነበር» የሚሉ አሉ። ነገሩ በችላታ የሚታለፍ አይደለም፤ የድኃ ችግር የሚናገረው ነውና። ዳሩ ግን አንድ መምህር የደከመበትን ቅኔ ሌላው የራሴ ነው ብሎ በማኅሌት ቢያሰማ፣ ቅኔው ከመምህሩ ልብ ባይጠፋም ሥራው ነውር መሆኑን የማያውቅ የቅኔ ተማሪ የለም። በቅኔ ቤት «ቅኔ ዘረፈ» ስንል ከልቡ አፈለቀ ማለታችን ነው እንጂ የባልንጀራውን ቀማ ማለታችን አይደለም። ቁልፍ በመስበር የሚደረገው ዘረፋ ግን ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም። ደግሞም ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ የዓመታት ድካም የሆነውን የብራና ፎቶግራፍ ሁሉ ቆልፎ የሚያስቀር ቫይረስም አለ። ሌላ በር ባይኖር ኖሮ ክርክሩ በረዘመ ነበር፤ ሌላ በር ግን አለ።

ያም በር ጂምፕ የተባለው መሣሪያ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1995 ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ አሳደጉት፤ በ2025 ደግሞ ሦስተኛው ዋና እትም ወጣ። መግዣ የለውም፤ ኪራይ የለውም፤ ከኢንተርኔት አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ያዘነበለውን መስመር አቀናልኝ፤ ጠርዙን ከረከመልኝ፤ የደበዘዘውን ጥቁር ቀለም አጠቆረልኝ፤ ቀዩንም ከወይባው ለየልኝ። ለብራና ሥራ ከፎቶሾፕ የሚጎድለውን ብፈልግ ብዙ አላገኘሁም።

የዚህ መሣሪያ ነጻነት ግን የዋጋ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ካወጀ ወዲህ የጸና ሥርዓት አለ፤ ጂምፕም በዚያ ሥርዓት የሚተዳደር ነው። መሣሪያውን የተቀበለ ሰው ለፈለገው ሥራ ይጠቀምበታል፤ አሠራሩን ገልጦ ይመረምራል፤ ቅጂውን ለባልንጀራው ይሰጣል፤ ያሻሻለውንም ያካፍላል። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፤ ይኸውም ለሌላ በሚያስተላልፍበት ጊዜ እርሱ የተቀበለውን ነጻነት ከተቀባዩ እንዳይከለክል ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሩቅ አገር ነገር አልመሰለኝም። በዋድላም፣ በዋሸራም፣ በጎንጅም የቅኔ መምህር ለትምህርቱ ዋጋ አይጠይቅም፤ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ ይማራል። መምህሩ ያለቀውን ቅኔ ሰጥቶ አይሰናበትም፤ ግሡን፣ አገባቡን፣ የምስጢሩን መንገድ ገልጦ ያሳያል፤ ነባሩ ተማሪም የሰማውን ለአዲሱ ይነግራል። ያለቀውን ብቻ ሰጥቶ መንገዱን የሚሰውር መምህር ቢኖር ተማሪው እስከ ዕለተ ሞቱ ጥገኛው ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ ነጻው መሣሪያ ለእኛ የድኃ መጽናኛ አይደለም፤ አባቶቻችን ዕውቀትን ሲሰጡበት በኖሩት ሥርዓት የተሠራ ነው።

ከጂምፕ ሌላም አለ። ካሜራው ያነሣውን ጥሬ ፎቶግራፍ ለማጥራት ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባሉት ይረዳሉ። ለሥዕል ክሪታ፣ የሐረግን ቅርጽ በመስመር ለማውጣት ኢንክስኬፕ አለ። የተነሡትን ቅጠሎች ለሁለት ከፍሎ የሚያቀና ስካን ቴይለር የሚባልም አለ። እነዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው። ፎቶፒ የተባለው በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ሲሆን የፎቶሾፕን ፋይል ስንኳ ይከፍታል፤ ገንዘብ በመክፈል ፈንታ ግን ማስታወቂያ ማየት ግድ ነው። አፊኒቲ የተባለውንም ካንቫ የተባለው ኩባንያ በ2025 ያለ ዋጋ ለሕዝብ ሰጥቷል። እነዚህ ሁለቱ ያለ ገንዘብ ይገኛሉ እንጂ አሠራራቸው ለተቀባዩ የተገለጠ አይደለም፤ ስጦታው በሰጪው ፈቃድ የሚቆም ነውና ይህን አውቆ መጠቀም ይገባል።

ጉድለቱንም መሰወር አይገባኝም። በፎቶሾፕ የለመደ እጅ በጂምፕ ለጥቂት ሳምንት ይደናገራል። ማተሚያ ቤት የሚፈልገው የአራቱ ቀለም ሥርዓት በጂምፕ ገና የተሟላ አይደለም፤ ለዚህ ክሪታ ይሻላል። ለኑሮው ቀን ከሌሊት ፎቶግራፍ የሚያርም ባለሙያ ኪራዩን ከፍሎ ፎቶሾፕን ቢይዝ የሚነቅፈው የለም፤ ሠራተኛ ለሚያበላው መሣሪያ መክፈሉ የተገባ ነው። እኔ የምናገረው ሥራው ትንሽ፣ ገንዘቡም ትንሽ ስለ ሆነ ሰው ነው።

መሣሪያው ከየትም ቢገኝ አንድ ነገር ይጠበቅ። የድሮ አራሚ ጸሐፊ የዘለለው ቃል ቢኖር በኅዳግ ጽፎ ምልክት ያደርግበታል፤ የሚያነብ ሰውም ምን እንደ ታረመ ያውቃል። በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ጂምፕ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ሌላ ስስ ንጣፍ አኑሮ በዚያ ላይ እንድንሠራ ያደርጋል፤ ከሥር ያለው ሳይነካ ይኖራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ለብቻው ተቀምጦ ይቆይ፤ የጠፋ ፊደል በግምት አይሳል፤ የታረመውም ታርሟል ተብሎ ይጻፍበት። ብራናን ማንበብ የሚያስችል እጅ ብራናን መፍጠርም ይችላልና።

ያለ ዋጋ የተቀበለ ሰው ዕዳ የለበትም ማለት ግን አይደለም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ስለ ነጻ ስጦታ ምን እንዳዘዛቸው ካህናት ያውቁታል። የተማረ የከተማ ሰው የመሣሪያውን መመሪያ ወደ አማርኛ ይመልስ፤ ገንዘብ ያለው ለሠሪዎቹ ጥቂት ይላክ፤ ይህም የሌለው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አስቀምጦ ያስተምር። ያን ጊዜ ሻጩ የጠራው ዋጋ ቢቀርልንም ሕሊና የሚጠይቀውን ዋጋ ከፍለናል፤ የግዝቱንም ቅጠል ያለ ፍርሃት ገልጠን እናነበዋለን።