የላፕቶፕ ቻርጀር ስቀይር የተማርኩት

1. ጫፉ ስለገባ ብቻ ቻርጀር አይገዛም። የድሮው ሲበላሽብኝ ሱቅ ለሱቅ ስዞር የማየው ይህንኑ ብቻ ነበር። ልክ ገብቶ መብራቱ የበራልኝን ከፍዬ ወሰድኩ። ማታ ሥራ ሲበዛ ቻርጀሩ እጅ እስኪለበልብ ጋለ፤ ባትሪውም እንደተሰካ ይወርድ ጀመር። ገልብጬ ሳየው 45 ዋት ይላል፤ ላፕቶፑ የሚፈልገው 65 ነው።

2. መነበብ ያለበት «አውትፑት» የሚለው መስመር ነው። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ሁለቱ ሲባዙ ዋቱ ይገኛል፤ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፔር 65 ዋት ግድም ነው። አምፔሩ የበዛ ቻርጀር ኮምፒውተር ያቃጥላል ብዬ ለረጅም ጊዜ እፈራ ነበር። ላፕቶፑ ግን የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቮልቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ባለ 90 ዋቱ ባለ 65 ዋቱን ተክቶ ሳይጨነቅ ይሠራል። የሚያስፈራው ከፍ ያለ ቮልት ነው። እዚያው አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ትንሽ ሥዕል አለች፤ የጫፉ ውስጥና ውጭ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት። እሷም መመሳሰል አለባት።

3. ከአሜሪካ የመጣ የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አይፈልግም። እህቴ የላከችልኝን «የ110 ነው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ከረምኩ። «ኢንፑት» የሚለው ላይ 100-240 ቮልት ከተጻፈ የእኛን 220 ይችላል፤ የሚቀየረው ግድግዳው ላይ የሚሰካው ብቻ ነው።

4. ቻርጀሩን የሚያጣራ ላፕቶፕ አለ። ብዙ የዴል ላፕቶፖች በጫፉ መሃል ባለችው ቀጭን ፒን በኩል ቻርጀሩን ይለያሉ፤ ካላወቁት ኮምፒውተሩ ይሠራል እንጂ ባትሪው አይሞላም። ስለዚህ አሁን ሻጩ ቢቸኩልም የባትሪው ፐርሰንት ከፍ ሲል ሳላይ ከሱቅ አልወጣም።

5. ታይፕ ሲ ሁሉ አንድ አይደለም። ቻርጀሩና ላፕቶፑ በቮልቱ ላይ ራሳቸው ስለሚስማሙ ስጋቱ ያንሳል። ነገር ግን ባለ 20 ዋት የስልክ ቻርጀር ለላፕቶፕ ሥራ አይበቃም፤ ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍም ገመዱ ራሱ ባለ 5 አምፔር መሆን አለበት።

ቻርጀራችሁ ገና ሳይበላሽ ዛሬውኑ ገልብጡትና ጽሑፉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከደበዘዘ የላፕቶፑን ጀርባ እዩ፤ የሚፈልገው ቮልትና አምፔር ብዙውን ጊዜ እዚያም ተጽፏል።