ስለ ሸዋ ሮቢትና ስለ ይፋት ቈላ

ካዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፥ ከፍታው ከ3000 ሜትር ስለሚበልጥ ካባውን ይደርባል። ኢጣሊያኖች በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ባወጡት ዋሻ መንገድ ካለፈ በኋላ ግን አገሩ ይለወጥበታል፤ ጥቂት ሰዓት ሳይሄድ የደጋውን ብርድ ትቶ ከይፋት ቈላ ሙቀት ይገባል።

ሸዋ ሮቢት ካዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ 1300 ሜትር ግድም በሆነ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላ፥ ጤፍ፥ ሽንኩርትና ማሾ ይመረታል። የሚያልፍባት ሰው ብዙ ጊዜ ምሳውን በልቶ ብቻ ይሄዳልና፥ «በዚች ከተማ የሚታይ ምን ጥንታዊ ሕንፃ አለ?» ይላል።

ዳሩ ግን የይፋት ጥንታዊ ሕንፃ የሚገኘው ባስፋልቱ ዳር ሳይሆን ከደጋው ወደ ቈላው በሚወርደው ተረተር ላይ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1285 ዓ.ም. ዑመር ወላስማዕ የሸዋን የእስላም መንግሥት አስገብሮ ዘሮቹ በይፋት ነገሡ። ወደ ዘይላ የሚወስደው የንግድ መንገድ በእጃቸው ስለ ነበረ በለጸጉ፤ በ14ኛው መቶ ዓመትም ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ጋራ ተዋጉ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የፈረንሳይ ሊቃውንት በኖራ፥ በአስባሪና በመሳል የተጠረበ ድንጋይ መስጊዶችን፥ ቤቶችንና መቃብሮችን መርምረው ለዓለም አሳወቁ። የአካባቢው ገበሬ ግን ሊቃውንቱ ሳይመጡ ቀድሞም ያውቃቸው ነበር።

ከነዚህ ድንጋዮች የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከተማ ግንብ በማብዛቱ ብቻ አይጸናም፤ የሚያጸናው በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች የሚተማመኑበት ሥርዓት ነው። ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ባለችው በሰንበቴ፥ እሑድ በሚቆመው ገበያ፥ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ባንድ ስፍራ ይገበያያሉ። አንዱ ከብቱን፥ ሌላው እህሉን ወይም ሸማውን ይዞ ሲመጣ ሌላው እንደማይከዳው አምኖ ነው። ይህ መተማመን ከማናቸውም ሕንፃ የከበረ ሀብት ነው።

ሀብቱ ግን ባንድ ዓመት ሊጠፋ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ በእሳት ነደደች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የፈረሰውን ቤት መልሶ ለመሥራት እንጨት፥ ቆርቆሮና ገንዘብ ይበቃል። ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ ገና እንዲያምን ለማድረግ ግን ገንዘብ አይበቃም። ይህን የሚችል ሽማግሌው፥ እድሩና ማኅበሩ ነው። በእድር ለቀብር የተሰበሰበ ሰው የሟቹን ቤተ ሰብ ካጽናና በኋላ ስለ ውሃው፥ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ድልድዩ መነጋገሩ የተለመደ ነውና፥ የከተማ ምክር የሚጀመረው ከዚህ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፥ በሥልጣን ላይ ያላችሁ፥ ለትንሽ ከተማ መንገድና ሕንፃ በምትቈርጡበት ጊዜ አስቀድማችሁ እድሩን ጠይቁ። የኖራንና የአስባሪን ፍርስራሽ ለመጠበቅ ስታስቡም ጠባቂውን ከሩቅ አታምጡ፤ በአጠገቡ የሚያርሰውን ገበሬ ሹሙት፥ ደመወዝም ቍረጡለት። የሸዋ ሮቢት ተማሪዎችም እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድነት ሄደው ያን የቀድሞ ሰው እጅ ሥራ ይዩት። ቅርሱን የራሱ እንደሆነ የሚያውቅ ሕፃን ሲያድግ ድንጋዩን ለአጥር አያፈርሰውም፤ የጎረቤቱንም ቤት አያቃጥልም።