ያደረ እንጀራ

እኛ ልጆች ሳለን አምበር ላይ ምግብ ይጣላል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ከተማችን የጮቄ ብርድ እየነፈሰባት፣ ጤፉና ስንዴው በዙሪያዋ እየተዘራላት የምታድር የጥጋብ አገር ነበረች። ቢሆንም በአዝመራው ወር እንኳ ከሌማት የወደቀ ቁራሽ ይነሣል እንጂ አይረገጥም፤ «እህል ክቡር ነው» ይሉን ነበር አያቴ።

ነገሩ የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ማሰሻው በጎመን ዘር ሲዞር የሚነሣው ጢስ ከማድቤቱ ወጥቶ ጎረቤት ድረስ ይሸታል፤ እኛም እሱን ተከትለን እንሰበሰባለን። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ለመደበኛ እንጀራ የማትበቃው ትራፊ እንጎቻ ሆና ትጋገርና ትኩሷን በርበሬ ተነስንሶባት ለልጅ ትሰጣለች። እናቴ ቡሃቃውንም አሟጥጣ አታጥበውም፤ ከግርጌው ጥቂት ለእርሾ ይቀራል፣ ስለዚህ የዛሬው እንጀራ የባለፈው ሳምንት እንጀራ ልጅ ነበር።

ጠዋት ደግሞ ቤቱ በሌላ ሽታ ይነቃል። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ፣ በርበሬ ገብቶበት፣ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ሲንተከተክ ቆይቶ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የነጠረው ቅቤ ሲጨመርበት፣ የትናንቱ እንጀራ ተቆራርሶ ይገባና ቁሌቱን እየጠጣ ይቀላል። ማታ የተረፈ ሽሮ ካለም በዚያው ይፈረፈራል፤ ያደረ ሽሮ ከማታው እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ መብላት የትንሹ ልጅ ድርሻ ስለነበር፣ ታናሽ እህቴ አድጋ እስክትቀማኝ ድረስ ያን ሹመት በኩራት ይዤው ኖርኩ።

እንጀራው ሰንብቶ ሻጋታ ሳይጀምረው በፊት እናቴ ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ትበትነውና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እኔ ቀጭን አርጩሜ ይዤ ዶሮ አባራለሁ፤ እያባረርኩም ከዳር ከዳሩ እያነሣሁ እቆረጥማለሁ፤ እናቴ ሰፌዱ መሳሳቱን አይታ ዝም ትላለች። ያ ጎምዘዝ ያለ የደረቀ እንጀራ ሽታ፣ ጥርስ ሲያርፍበት ኮሽ የሚለው ድምፅ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። ውኃው የወጣለት ድርቆሽ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ እንግዳ ድንገት ሲመጣ፣ ክረምቱ ጠንቶ እንጨቱ ሲረጥብና ምጣድ ማሰማት ሲያስቸግር፣ ጓዳ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የተማሪም ስንቅ ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር ናትና ወደ ዲማ፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄዱ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው በራችን ላይ ይቆሙና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ያገኙትን ቁራሽ የዕለቱን በልተው የተረፋቸውን ያደርቁታል። በኋላ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳነብና ከማንኩሳው ልጅ ከበዛብህ ጋር ስተዋወቅ፣ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት እነዚያ ልጆች ነበሩ።

ጾም ሲገባ ሌላ ጥበብ ይወጣል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቅቤው ከጓዳ ጠፍቶ ሱፍና ተልባ ይነግሣሉ። ሱፉ ተወቅጦ በውኃ ይጠለልና ዝንጅብልና ቃሪያ ገብቶበት ያደረ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት የሚበላው ያ ቀዝቃዛ ፍትፍት የደከመ ሰው ያቆማል።

ከወተቱም ቢሆን የሚባክን የለም። ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ተጥዶ አይብ ይሆናል፤ ከአይቡ የሚጠለለውን አጓት እኛም ጥጃውም እንካፈለዋለን። ጠላው ሲጠነዝል ድፍድፉ እንደገና ውኃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይወጣዋል፤ መጨረሻ የሚቀረው አተላ ለላሟ ነው። የበዓል ሥጋም በርበሬና ጨው ተቀብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቀልና ቋንጣ ሆኖ፣ ከዚያው ከድርቆሹ ጋር ተገናኝቶ፣ በዓሉ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቱን እንደገና የበዓል ቤት ያደርገዋል።

ሌማቱ ባዶውን እንዲያድር እናቴ አትፈቅድም ነበር፤ መንገድ ዳር ላለ ቤት እንግዳ በመሸም ሰዓት ይመጣልና ትራፊው ታስቦ ይቀር ነበር። ዛሬ ማቀዝቀዣ ገብቷል፣ ምግብም በላስቲክ ታስሮ ሲጣል አያለሁ። ሆኖም ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ድርቆሽ አይታጣም፤ ደስ የሚለኝም ይኼ ነው፣ ሙያው አገር ተሻግሮ እየኖረ ነው። እናንተም እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ አብራችሁ ማድቤት ግቡ። ቁሌቱ መቼ ውኃ እንደሚፈልግ፣ ድርቆሹ ስንት ፀሐይ እንደሚበቃው፣ አሬራው መቼ ከእሳት እንደሚወርድ እጃቸው ያውቀዋል፤ እጃቸው ሲሠራ እያያችሁ ተማሩት፣ ለልጆቻችሁም አስተምሩት።