ከአሲ እስከ ማኒካርኒካ፦ የቫራናሲ ደረጃዎች

ቫራናሲን የሚያይ ሰው ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለበት። የሰሜን ሕንዷ ከተማ በጋንጅስ ምዕራባዊ ዳርቻ ተደርድራ ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ ሰጥታለች። ከፊት ለፊቷ ያለው ማዶ ባዶ አሸዋ ስለሆነ የማለዳው ጨረር ምንም ሳይጋርደው ደረጃዎቿ ላይ ያርፋል።

ቫራናሲ የሚለው ስም ከቫሩና እና ከአሲ ወንዞች የመጣ ነው ይባላል። ነዋሪው ግን ባናራስ፣ ተሳላሚው ደግሞ ካሺ ይላታል። ወደ ወንዙ የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች «ጋት» ይባላሉ፤ ከ80 በላይ ናቸው። በበጋ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል። በክረምት ግን ወንዙ ሞልቶ የታችኞቹን ይውጣቸዋል፤ ሲጎድልም ጭቃው በውሃ ግፊት ይታጠባል።

ከደቡብ ጫፍ፣ ከአሲ ጋት እንነሳ። አዛውንቶች እስከ ወገባቸው ገብተው በእፍኛቸው የዘገኑትን ውሃ ለፀሐይ እያቀረቡ መልሰው ያፈሳሉ። ራቅ ብሎ ደግሞ ልብስ አጣቢዎች ጨርቁን ከድንጋይ ጋር ያላጋሉ። ጸሎቱም ሥራውም በአንድ ውሃ ነው።

ከተማዋ ከዓለም ጥንታውያን ከተሞች አንዷ ናት። ቡድሃ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠባት ሳርናት ከዚህ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሆኖም እነዚህን ደረጃዎች ጥንታዊ ናቸው ብሎ የሚያደንቅ ይሳሳታል፤ አብዛኞቹ በ18ኛው መቶ ዘመንና ከዚያ ወዲህ እንደገና የተሠሩ ናቸው። በዳሻሽዋሜድ ጋት ማታ ማታ ካህናት ባለብዙ ነበልባል መቅረዝ እያዞሩ የሚያቀርቡት አርቲም እንዲሁ ነው። ለወንዝ መብራት ማቅረብ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ በዚህ ትልቅ ትርኢት መልክ የመጣው በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው።

ከዳሻሽዋሜድ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የተሠራው የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስ ይገኛል። የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ1669 በአፄ አውራንግዜብ ትእዛዝ ፈርሷል፤ በቦታው የቆመው የግያንቫፒ መስጊድም ዛሬ ድረስ በፍርድ ቤት ያከራክራል። አሁን የሚታየውን ቤተ መቅደስ በ1780 ያሠራችው የኢንዶሯ ገዢ አሂሊያባይ ሆልካር ናት። የጉልላቱ ወርቅ የፑንጃቡ ንጉሥ የራንጂት ሲንግ ስጦታ ነው። በ2021 ደግሞ በመካከል የነበሩ ቤቶች ፈርሰው ከቤተ መቅደሱ እስከ ወንዙ ሰፊ መንገድ ተከፈተ።

ወደ ወንዙ ተመልሰን ወደ ሰሜን ብንሄድ ማኒካርኒካ እንደርሳለን። እዚህ ካሜራ ወደ ኪስ ይገባል። እንደ ሂንዱዎች እምነት በካሺ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ አዙሪት ይፈታል፤ ስለዚህ የአስከሬን ማቃጠያው እሳት ሌሊትም አይጠፋም። ማገዶው እንደ ተራራ ተከምሯል፤ ትልቅ ሚዛን ላይ ወጥቶ በኪሎ ይሸጣል። አቅም ያለው ሰንደል እንጨት ይጨምርበታል። እሳቱን የሚጠብቁትና የሚሰጡት ዶም የሚባሉት ናቸው። በዘር ሥርዓቱ ከታች ቢመደቡም ያለ እነሱ የሚለኮስ እሳት የለም። ከነሱም አንዳንዱ ውሃው ዳር ቆሞ ከአመዱ ውስጥ የወርቅ ቅንጣት በወንፊት ይፈልጋል።

ራሱን የተላጨ፣ ነጭ የለበሰ ልጅ የአባቱን እሳት አምስት ጊዜ ይዞራል። ነበልባሉ ሥራውን ሲጨርስ ውሃ የያዘ የሸክላ ገንቦ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወርውሮ ይሰብራል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል።

ከጋቱ በስተጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች የላሲ ሱቆች አሉ። ላሲ በስኳር የተመታ እርጎ ነው፤ የሚቀርበውም በሸክላ ዋንጫ ነው። «የራማ ስም እውነት ነው» የሚል የአስከሬን ተሸካሚዎች ድምፅ ሲሰማ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ጠጪ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ለቀርከሃው ቃሬዛ መንገድ ይለቃል። ካለፈ በኋላ የቀረችውን ይጨልጥና ዋንጫውን ጥግ ካለው የሸክላ ስብርባሪ ላይ ይጥለዋል። ነገ ሸክላ ሠሪው ሌላ ያመጣል።