የማይናገር ድንጋይ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከሜሪላንድ መጥቶ እኔ ዘንድ ሲሰነብት፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በስልክ እየተያየ ባለ20 ገጽ ዳይስ ይወረውር ነበር። ቁማር መስሎኝ ተቆጣሁ። «ጋሼ፣ ተረት እኮ ነው» አለኝ። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፤ ሁሉም የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪኩን አብረው ይፈጥሩታል። የእሱ ድንክዬ ነው፤ ኖም ይሏቸዋል። ኪት ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 የታተመ ኤቤሮን የሚባል ዓለም አለ፤ በዚያ ዓለም ቤተ ሲቪስ የተባለ የኖሞች ቤተሰብ መልእክት በማድረስና ውል በመጻፍ ይነግዳል። ከከተማ ከተማ ቃል የሚያደርሱ ድንጋዮች አሏቸው። ከኖሞቹ አንዳንዱ ቆዳው ላይ የጽሕፈት ምልክት ይወጣለታል። የማንም ወገን አይደሉም፤ ሰው የሚያምናቸውም አንዴ ቢያጭበረብሩ እንጀራቸው እንደሚዘጋ ስለሚያውቅ ነው።

«እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ» አልኩት። «መርካቶ ነው አብሬያቸው ያደግሁት።»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከጉራጌ አገር ስመጣ 11 ዓመቴ ነበር። የአጎቴ ሱቅ ወርዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ክር፣ መርፌ፣ ክብሪትና ባትሪ ድንጋይ እንሸጣለን። ከላይ ቆጥ አለ፤ እዚያ ከአክስቴ ልጅ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ እናድራለን። እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቁልፍ ያዡም እሱ ነው። ደሞዝ የሚባል ነገር አልነበረም። «እኔ ዘንድ ይቀመጥልሃል» ነበር የሚባለው፤ ስንት እንደተቀመጠ መጠየቅ ነውር ነው።

አጎቴ ንግድ የተማረው ልጅ ሆኖ የአንድ የመናዊ ሱቅ ሲጠርግ ነው። የመናውያኑም እንደኛው ነበሩ፤ አንዱ ሲደላደል ወንድሙን፣ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ያስመጣል። ብዙዎቹ በአብዮቱ ዘመን ሄዱ። የሰፈር ሱቅ ግን ጉራጌም ከፈተው ሌላ፣ ስሙ አረብ ቤት እንደሆነ ቀረ።

የኛ ቤተሰብ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አዋሳ፣ አንዱ ደሴ ነበር። ዕቃው በቃል ይሄዳል፤ ገንዘቡ በመሐረብ ተቋጥሮ ይመጣል። ለነገሩ እኛም ድንጋይ ነበረን፤ የኛው አይናገርም እንጂ። የሚናገረው የአውቶብስ ረዳት ነው። ማለዳ አውቶብስ ተራ ሄጄ፣ «ደሴ ላለው እንዲህ በልልኝ» ካልኩት፣ ያቺ ቃል ሳይጨመርባት ሳይቀነስባት ትደርሳለች። መሐረቡን ፈትቶ ያየ ረዳት አላጋጠመኝም።

አሁን ስለ ደብተሩ። አጎቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሮ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ደብተሩን ግን በራሱ ምልክት ነበር የሚይዘው፤ ለአንድ ካርቶን አንድ ዘንግ፣ ለ10 ካርቶን አንድ ክብ። እኛንም ያስተማረን ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ሄዶ ሳለ ከጅምላ ሻጩ ባትሪ ድንጋይ መጣ። ተሸካሚው ስምንቱን አውርዶ «ሁለቱ ከሰዓት ይመጣል» አለኝ። ስምንት ዘንግ ከማስመር አንድ ክብ ይቀላል፤ ክብ አደረግሁ። ሁለቱ ከሰዓት አልመጣም። እኔም ረሳሁት።

ቅዳሜ ሲቆጠር ሁለት ካርቶን ጎደለ። ቁልፉ ያለው በአክስቴ ልጅ እጅ ነው። አጎቴ አልጮኸም፣ አልመታውም። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶብስ ተራ ወስዶ ወደ አገር ቤት አሳፈረው። ከዚያ ለሦስቱም ከተማ ረዳቶች አንድ ቃል ሰጠ፤ «ቁልፍ አታስይዙት።» ቃሏ ደረሰች። ከጅማ እስከ ደሴ የሚያስጠጋው ጠፋ። እኔ ያን ሌሊት ቆጡ ላይ ብርድ ልብሱን ለብቻዬ ለብሼ ሳለ፣ ያልመጡት ሁለት ካርቶኖች ትዝ አሉኝ። ዝም አልኩ።

መስቀል ሲቃረብ ጅምላ ሻጩ ሒሳብ ሊያወራርድ መጥቶ «የስምንቱን ስጠኝ» አለ። አጎቴ ክቡን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። የስምንቱን ቆጥሮ ከፈለና ገጹን ገለበጠ። በሚቀጥለው ዓመት ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። በ1983 እቁብ ወጥቶልኝ የራሴን ሱቅ ስከፍትም ዋሴ እሱ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለዚያ ክብ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ይህን ለእህቴ ልጅ አልነገርኩትም። የነገርኩት ስለ መሐረቡና ስለ ረዳቱ ነው። ስለ ዛሬው ዘመንም አማረርኩለት። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ፣ ጅማ ያለው የአጎቴ ልጅ ገንዘብ ላክሁ ስለው «ስክሪንሾቱን ላክልኝ» ይለኛል። ለእኔ! አብሮኝ ያደገ ሰው! ልጁ አዘነልኝ መሰል፣ ስለ ድንክዬዎቹ ያወራኝ ጀመር። ከቤተሰቡ የተባረረ ሰው በድሮ ጊዜ ምልክቱ ከቆዳው ላይ ይገፈፍ ነበር አለ። «ጭካኔ አይደል፣ ጋሼ?»

«ነው» አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ለጅማው የላክሁት ብር መጠኑ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ከነሰከንዱ ተጽፎበታል። ስክሪንሾቱን ላክሁለት።

የአክስቴ ልጅ አሁን አገር ቤት እንሰቱን እየተከለ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። መስቀል ሲደርስ እሄዳለሁ፤ ሰንጋ ይጥላል፣ ሚስቱ ክትፎውን ከቆጮ ጋር ታቀርባለች። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚያጎርሰኝ እሱ ነው። ዘንድሮም ሄጄ ነበር። አጎረሰኝ፤ በላሁ።