የሰበርኩት ሲኒ

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ረከቦት ላይ ከቶ የማይደረደር አንድ ሲኒ ነበር። ጠርዙ የተሸረፈ ነው። በጓሮ በር በኩል፣ ከግድግዳው ውጭ ይሸጎጣል። ማገዶ ተሸክመው ለሚመጡት ማንጆዎች ቡና የሚቀዳው በእሱ ነበር፤ እሱ ከጠፋ በእንሰት ቅጠል ይቀዳላቸዋል። ቡና ማፍላት ስጀምር እናቴ አስቀድማ ያስተማረችኝ የቱ ሲኒ ለማን እንደሆነ ነው። አቆላሉንና አፈላሉን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቦንጋ ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ማንጆዎች ከእኛ ከካፊቾዎች ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ጫካ ሥር ይኖራሉ። በካፋ ነገሥታት ዘመን አዳኞች ነበሩ፤ የአገሩን ኬላዎች የሚጠብቁትም እነሱ ነበሩ። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ ተብሎ ርኩስ የሚል ስም ወጣላቸው፤ ቤት አይገቡም፣ ከማዕድ አይቀርቡም፣ እጅ አይጨበጡም ነበር። ማንጆ ካፊቾን መንገድ ላይ ሲያገኝ ዳር ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እኔ ልሙትልዎ» ብሎ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው መንግሥቱ ሲያከትም ኬላው ፈረሰ፤ ንቀቱ ግን ቆየ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መሬት አስገኘላቸው፤ በገበሬ ማኅበሩም ከእኛ እኩል ስማቸው ተጻፈ። ማዕዳችን ጋ የደረሰ አዋጅ ግን አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. የታመቀው ምሬታቸው ገንፍሎ በዞናችን የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ጊዜ ሐዘን ቤት ስንቀመጥ «እኛ ምን አድርገናቸው?» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ።

እኔ ያደረግሁትን ግን አውቀዋለሁ።

ግንቦት 21 ነበር፤ የማርያም ማኅበር ተራው የቤታችን ነው። ማገዶውን ያመጡልን ሰው ክርስትና የተነሱ ማንጆ ናቸው፤ ከእኛ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። አባቴን በዕድሜ ይበልጡታል። እኔ፣ ገና ልጅ፣ «አንተ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «እርስዎ» ይሉኛል። ዝናብ ስለያዛቸው ከሴት ልጃቸው ጋር ከበሩ ክዳን ሥር ተጠልለው ቆመዋል። ከሌላ አገር የመጣ አንድ እንግዳ፣ ልማዳችንን የማያውቅ፣ ከረከቦቱ ላይ አንዱን ሲኒ አንስቶ ሰጣቸው። አየት አደረጉን። እንግዳው «ይጠጡ እንጂ» አላቸው። ጠጡ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እናቴ እንኳ አልጠቀሰችኝም። እኔ ተነስቼ ሲኒውን ከእጃቸው ተቀበልኩና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አጋጨሁት። ሰውየው ገና አልሄዱም ነበር። ልጃቸው እግሯ ሥር የወደቀውን ስባሪ አየች፣ ቀጥላም እኔን አየችኝ። እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው በዝናቡ ወጡ። የማኅበሩ ሴቶች «ጎበዝ፣ ቤቷን የምታስከብር ልጅ» አሉኝ። ማታ አባታችን ሆይን ከቤተሰቡ ጋር ደገምኩ፤ በደላችን ይቅር እንዲባልልን በምንለምንበት ቦታ ላይ ድምፄ አልተሰናከለም።

ካደግሁ በኋላ ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። የገደፍኩትን ጾም፣ የዋሸሁትን፣ ከባሌ እናት ጋር የያዝኩትን ቂም፣ ከደመወዜ ያላወጣሁትን አሥራት ሁሉ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ፣ ሰግጃለሁ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብያለሁ። ሲኒውን አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። ደብቄው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አፍሬበታለሁ ማለት ነበር። አልደበቅሁትም፤ ኃጢአት መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። የሚጸጽተኝ ከመስበሬ ይልቅ ይህ ነው። ከዓመት ዓመት በእግዚአብሔር ፊት ቆሜ ራሴን ስመረምር ያ ሰው ከምርመራዬ ውጭ ነበሩ፤ ከቤታችን ውጭ እንደቆሙት ሁሉ።

ዓይኔ የተገለጠው በጾመ ሐዋርያት ነው። ለማኅበራችን ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ እንድናገር ተመድቤ የሐዋርያት ሥራን አነብ ነበር። የእንስሳቱን ራእይ አውቀዋለሁ፤ ጴጥሮስ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል የተነገረው ስለ መብል ብቻ አለመሆኑን፣ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት እንዲገባ መሆኑንም ተምሬያለሁ። ያላስተዋልኩት በገላትያ ያለውን ታሪክ ነው። ያው ጴጥሮስ፣ ራእዩን ራሱ ያየው፣ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ከማዕዱ ራቀ። ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው። ጴጥሮስን ከማዕድ ያራቀው ሰውን መፍራት ነው። እኔም ሲኒውን የሰበርኩት ተጸይፌ አልነበረም፤ ሴቶቹ እያዩኝ ስለነበር ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ረጅም ሰዓት አለቀስኩ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰጡኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሰውየው ዘንድ ሂጂ። ከዚያ ነይ» ብለው ብቻ አሰናበቱኝ። ወንድምህ ቅር ያለው ነገር ካለ መባህን ትተህ ሂድ የሚለውን የጌታን ትእዛዝ ሲሰበክ ሰምቼው አድጌያለሁ፤ በስሜ ተጠርቼ ስታዘዝ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። የክረምቱ ጭቃ፣ የትምህርት ቤት ሥራ፣ የልጆች ሕመም፣ ሁሉም ሰበብ ሆነልኝ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ቤታቸው በዴቻ መንገድ፣ ጫካው ሲጀምር ነው። ስኳርና ቡና ይዤ ነበር። አርጅተዋል። ገና ሲያዩኝ ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ «ይቀመጡ አባባ» ብላቸው እምቢ አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ የመጣሁበትን መናገር ጀመርኩ። ሳልጨርስ አነሱኝ። «እርስዎ ምን በድለውኝ? ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎ» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን የተሸከምኩት ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። እያመሰገንኩ ወጣሁ።

ልጃቸው መንገዱ ላይ ደረሰችብኝ። እኩያዬ ናት። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም።

«አባቴ ለእናንተ እምቢ ማለት ያውቃል ብለሽ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ከብቱን ብታርጂበትም ይቅር ብያለሁ ነው የሚልሽ። እኔም እዚያ ነበርኩ። እኔን ግን አልጠየቅሽኝም።»

እውነቷን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ገብቼ፣ እሷን አልፌ፣ ይቅር ማለት የማያዳግታቸውን ሰው መርጬ ለመንኩ። እዚያው መንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ ገና ነኝ» አለችኝና ተመለሰች።

ይህን ቃሏን ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ ክርስቲያኖች ይቅርታ የመጠየቅን ሥርዓት አሳምረን እናውቃለን፤ ሽማግሌ እንልካለን፣ ድንጋይ እንሸከማለን፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ይቅር ለእግዚአብሔር እንባባላለን። የተለመነ ሰው ይቅር ካላለ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፤ ጨካኝ ይባላል፣ ጸሎቱ አይሰማም ይባላል። በእኩዮች መካከል ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል። ዕድሜውን ሙሉ «እኔ ልሙትልዎ» ሲል የኖረን ሰው ግን ይቅር በለኝ ብሎ መለመን ያንኑ ሰላምታ እንደገና ማሰማት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ከልባቸው ይቅር ብለውኝ ይሆናል፤ እምነታቸው ጽኑ እንደሆነ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ሲያስቀድሱ አይቻለሁ። ግን እምቢ ቢሉኝ ምን ይገጥማቸው እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር። ልጃቸው ገና ነኝ ስትለኝ እኩያዋ አድርጋ ነው የመለሰችልኝ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እንግዲህ አትነዝንዣት» አሉኝ። «ይቅርታዋ የእሷ ነው። አንቺ የሰበርሽው በአደባባይ አይደለም? የምትክሺውም በአደባባይ ነው።»

ስለዚህ ማኅበሩ በተሰበሰበበት ተናገርኩ። ያን ቀን ካመሰገኑኝ እናቶች መካከል በሕይወት ያሉ ነበሩ፤ አንዷ አንገቷን ደፋች፣ ሌላዋ «የሞተች እናትሽን ስም ለምን ታነሺያለሽ» ብላ ተቆጣችኝ። አባትና ልጁ በአንድ ውኃ እንደተጠመቅን የማኅበሩ አባል ይሁኑ፣ ጽዋው ተራ በተራ ሲዞር ለእነሱም ይድረስ ብዬ ጠየቅሁ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ነገሩ በይደር ይቆይ አሉ። አልተቀየምኳቸውም። እሳቸውም ከጎረቤት ጋር ነው የሚኖሩት። ካቶሊኮቹ ሚሲዮናውያን ማንጆዎችን ሲያጠምቁ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው የወጡ ካፊቾዎች እንደነበሩ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ሙሴያችን የፈሩት ማኅበሩ እንዲሁ እንዳይበተን ነው። እኔ ግን አንድን ክርስቲያን ደጅ አቁሞ የሚጠጣ ማኅበር ሳይበተንም የተበተነ ይመስለኛል፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

ለእንግዳ ስለ ቡና ስናወራ ደረታችንን እንነፋለን። የቡና መገኛ የምንላትን ማኪራን እናሳያለን፣ የቡና ሙዚየሙን እናስጎበኛለን፣ ጫካችን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ መመዝገቡን እንናገራለን። ደስ ይለኛል፤ እኔም እናገራለሁ። ከዚያው ጫካ ማገዶና ከሰል እያወረዱ የእኛን ጀበና ሲያስፈሉ የኖሩት ሰዎች ግን በስንቱ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዳልጠጡ ለእንግዳ አንናገርም። ልጆቼ ይህን ከእኔ አፍ እንዲሰሙ አድርጌያለሁ። ትልቋ «አንቺ ነሽ ያደረግሽው?» ብላ ስትጠይቀኝ «አዎ» ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

የማኅበሩ ተራ በሚመጣው ወር የእኔ ነው። በቤቴ ጽዋው ለመጣው ሁሉ አንድ እንደሚሆን፣ ውጭ የሚቆም እንደማይኖር አስቀድሜ አስታውቄያለሁ። ሁለት ቤቶች እንደማይመጡ ልከውብኛል። ንስሐ አባቴ መጥተው እንደሚባርኩ ቃል ገብተዋል። አባትና ልጁን ለመጥራት ራሴ ሄጄ ነበር፤ ሽማግሌው አልነበሩም። ልጃቸው በር ላይ ቆማ አዳመጠችኝ።

«አባቴን እነግረዋለሁ» አለችኝ። «እኔ ግን የዚያን ቀን ገበያ አለኝ።»