ብርድ፥ ከሰልና የእናቴ ምክር

አንባቢ ሆይ! ማታ መብራት ቢጠፋብዎ ምን ያደርጋሉ? ሻማ ይፈልጋሉ፤ ሻማ ካጡም በጨለማ ራትዎን በልተው ይተኛሉ። እኔም በገበዝ ማርያም ሳድግ የማውቀው ይኸንኑ ነው። በክረምት ነፋስና በረዶ በመጣ ጊዜ እናቴ ሁላችንንም ምድጃ ዙሪያ ሰብስባ፥ ጋቢ ደርባልን፥ ኩራዝ ታበራ ነበር። በረዶው የሳሩን ክዳን ሲደበድብ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን። የምናዝነው ለገብሱ ነው እንጂ ለመብራቱ አልነበረም፤ መብራት የሚባል ነገር ያን ጊዜ በቤታችን አልገባምና።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት፥ ከምሠራበት ከፍኖተ ሰላም ለአጎቴ ተዝካር ፈቃድ ወስጄ ወደ ገበዝ ማርያም ወጥቼ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፥ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ስትቀነጥስ፥ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአሜሪካ አገር፥ በቴክሳስ፥ በዳላስ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ ዘንድ ቀትር ሲሆን እነርሱ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መርዶ ይመስላልና ልቤ ደነገጠ።

«መብራት ከጠፋ አንድ ቀን አለፈ» አለኝ። «ውጭው በረዶ ነው፤ ቤቱም ከውጭው አልተሻለም። ስልኬ ሊዘጋ ነው፤ ቶሎ እማዬን አገናኘኝ።»

እናቴ በረዶ ሲሉ የምታውቀው ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚመታውን ጠጠር ነው። እንደ ባዘቶ ምድሩን ሸፍኖ የሚሰነብተውን በረዶ አይታ አታውቅም። ብርድን ግን ታውቃለች፤ ስለዚህ ለምክር አላነሳትም። «ሁላችሁም አንድ ክፍል ግቡ። ልጆቹን ከመካከል አድርጉ። ከሥር ያላችሁን ልብስ ሁሉ አንጥፉ። የበሩንና የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፉ» አለችው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ቀጥላ ግን «ለቡና ያስቀመጣችሁት ከሰል የለም? አያይዙና ልጆቹ አጠገብ አድርጉት» አለች። ወንድሜም «አንድ ከረጢት አለ፤ አሁኑኑ አስገባዋለሁ» ሲል ሰማሁ።

እዚህ ላይ እርስዎ ይፍረዱኝ። እናት ስትናገር ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔ ግን ስልኩን ከእጇ ነጥቄ «አያ! ከሰሉን እንዳታስገባ! ትሞታላችሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ስልኩም ወዲያው ተቋረጠ። ይስማኝ አይስማኝ አላወቅሁም።

እናቴ በቁጣ አየችኝ። «አንተን በእሳት ዳር አይደል ያሳደግሁህ? ዛሬ ለወንድምህ ልጆች እሳት ትነፍጋለህ?» አለችኝ።

ነገሩን እንደሚከተለው አስረዳኋት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፥ ያቅለሸልሻል፥ ያደክማል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። የእኛ የሳር ቤት ይተነፍሳል፤ ጭሱ በክዳኑ ይወጣል። የዳላሱ ቤት ሙቀት እንዳያመልጠው ተደፍኖ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ እኛው «ቀዳዳውን ወትፉ» ብለናል። አንደኛው ምክር ብቻውን ያድናል፤ ከሁለተኛው ጋር ሲገናኝ ግን ይገድላል።

በዚያ ሳምንት በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጥተው ነበር። በዳላስ ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደረሰ። ለብርድ ያልተዘጋጁ የኃይል ማመንጫዎችና የጋዝ መስመሮች ቀዘቀዙ፤ የክፍለ ግዛቱ የኤሌክትሪክ መረብ ከጎረቤቶቹ ጋር እምብዛም የተገናኘ ስላልሆነ በቂ ብድር አላገኘም። መረቡ ጨርሶ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ብቻ ቀርቶት እንደ ነበር በኋላ ተነገረ። የክፍለ ግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት የሞቱትን 246 ብሎ ቆጥሯል። ብዙዎቹን የገደላቸው ብርዱ ነው፤ አንዳንዶቹን ግን የገደላቸው ሊሞቁበት ያነደዱት እሳት ወይም በመኪና ቤት ውስጥ ያስነሡት ሞተር ነው።

ያን ቀን እናቴ እህል አልቀመሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማርያም ሄደች። እኔም ስልኩን ስደጋግም አደርሁ፤ መልስ የለም። ወንድሜ የደወለው በማግሥቱ ማታ ነው። መብራቱ ለአንድ ሰዓት ያህል መጥቶላቸው ነበር። «የሰማሁት ‹እንዳታስገባ› የሚለውን ብቻ ነው» አለ። «ምክንያቱን ሳላውቅ ከሰሉን በረንዳ ላይ ተውሁት። አራታችንም በአንድ ፍራሽ ተቃቅፈን አደርን።»

እናቴ እልል አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «አንተስ? በዚያች በተከራየሃት የሲሚንቶ ቤት መብራት ሲጠፋ ወጥህን በምን ነው የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንባቢ ሆይ፥ አፈርሁ። ምክንያቱም የምሠራው በከሰል ነው፤ ያውም በሩን ዘግቼ፥ ምድጃውን አልጋዬ አጠገብ አድርጌ። ለወንድሜ ያስተማርሁትን ለራሴ አላዋልሁትም ነበር።

ምናልባት እርስዎም ተማሪ ወይም እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖሩ ይሆናል። እንግዲህ መብራት በጠፋ ጊዜ ምግብዎን ደጅ ያብስሉ፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለ ጠፋ ብቻ አይመኑት፤ ከእርሱ ጋርም በር ዘግተው አይተኙ። የእናቶቻችን ምክር ውሸት አይደለም፤ የተመከረው ግን ለሌላ ቤት ነው።